አንድ ለአርባ

ክብሪት ያን ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ የገባው ሰው ሊውጥ ነው። በር ላይ ዘበኛው "እንደምን ዋሉ?" ቢለው መልስ የለም። የሥራ ቦቲውን ጭቃ ሳያራግፍ፣ ፒንሳውን ከኋላ ኪሱ እንደሻጠ ግቢውን አቋርጦ ሲነጉድ መሀል ላይ ዝናብ ያቆረው ውኃ መንገድ ዘጋበት። ቆም ብሎ አየው። የሥራ ነገር ነውና ተናዶም ቢሆን ሳያይ ማለፍ አይችልም።

"ለጥ አድርጎ አስተኝቶታል እኮ!" አለ ለራሱ፣ ከሥር ያለውን የፍሳሽ ቱቦ ማለቱ ነው፤ ቁልቁለት፣ በነሱ አነጋገር ስሎፕ፣ አልሰጠውም። "ቱቦ መቅበር በማያውቅ ሰው የተሠራ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ልጄን ስሎፕ አታውቅም ይሉኛል።"

ክብሪት እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። አብረውት የሚሠሩ የቧንቧ ሠራተኞች ናቸው ያወጡለት፤ ለምን እንደሆነ ለማወቅ ጫፉን አንድ ጊዜ መንካት ይበቃል። ልጁን ደግሞ ከቅጥነቷ የተነሣ ሰፈሩ ሁሉ ጭራሮ ይላታል። "ክብሪትና ጭራሮ አንድ ቤት አስቀምጠው እስካሁን እንዴት አልተቃጠሉም?" እያሉ የሚስቁ ቧልተኞች አይጠፉም። ሰው በሰው ቤት መሳቅ አይከብደውም።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ጭራሮ ስምንተኛ ክፍል ናት። ሁለት የሂሳብ ፈተና ተከታትላ ወድቃለች። ነገ የማካካሻ ፈተና አለ፤ እሱን ከወደቀች ጓደኞቿ ዘጠነኛ ሲገቡ እሷ እዚያው ስምንተኛ ቁጭ ትላለች። የሂሳብ መምህሯም በልጅቷ አፍ "አባትሽን ጥሪልኝ" ብላ ልካለች።

ክብሪትን ያንገበገበው መውደቋ ብቻ አይደለም። የወደቀችው እሱ ራሱ ባስጠናት ነገር ነው።

ልጅቷ ፊደል ከቆጠረች ጀምሮ የቤት ሥራ የእናትየው ክልል ነበር። እናትየው ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ፣ ቀና ሳትል "ደግመሽ ደምሪው" ትላለች፤ ይደመራል። ክብሪት ሰባተኛን ሳይጨርስ ከትምህርት የወጣ ሰው ነው። ደብተር ሲዘረጋ ወይ ሬዲዮውን ይከፍታል፣ ወይ የማይንጠባጠብ ቧንቧ ሊያጠብቅ ይነሣል። ማንም ምንም ብሎት አያውቅም። እሱ ግን በየቀኑ ያንን ቧንቧ ያጠብቃል።

አንድ ምሽት ልጅቷ "እማዬ፣ ስሎፕ ማለት ምንድን ነው?" ስትል ሰማ። ሬዲዮውን ዘጋው።

"ምን አልሽ?"

"ስሎፕ። ዛሬ ጀመርን። ሊኒየር ኢኩዌሽን የሚባል ውስጥ አለ።"

"ስሎፕ? የኔን ስሎፕ?"

ወንበሩን ስቦ መጣ። በዚያ ሁሉ ዓመት ከእሱ አፍ የሚወጣ አንድ ቃል እንኳ በልጁ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ አይቶ አያውቅም። አሁን ተጽፏል፣ ያውም በትልቁ። የውኃ ልኩን ከመሣሪያ ሳጥኑ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስተኛ፣ የተረፈ ቁራጭ ቱቦ አመጣ፣ ከሥሩ የክር ጥቅልል ሻጠ፣ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። እንደዚያ ሲስቅ እናትየውም ከሠርጋቸው ወዲህ አላየችውም። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ የቧንቧ ሠራተኛ ይህን ተረት ከማንም በላይ ማወቅ ነበረበት።

የፍሳሽ ቱቦ ሲቀበር አርባ ሄዶ አንድ መውረድ አለበት። አንድ ለአርባ ይሉታል። ሥራ ላይ ግን ሰው ይቸኩላልና አንዱን ትተው "አርባ ስጠው" ይባባላሉ። "ሃያ ስጠው" ከተባለ ቱቦው ጠንከር ያለ ቁልቁለት አለው፤ "መቶ ስጠው" ከተባለ ተኝቷል ማለት ነው። በእነሱ ዘንድ ቁጥሩ ሲያድግ ተዳፋቱ ይሞታል። በመጽሐፉ ደግሞ ግልባጩ ነው፤ ሽቅቡ ለአግድሙ ይካፈላል፤ ቁጥሩ ሲያድግ መስመሩ ሽቅብ እየቆመ ይመጣል። ክብሪት ይህን አያውቅም ነበር። አለማወቁንም አያውቅም ነበር፤ የከፋው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነበር። መስመሩ አንድ ከፍታ ላይ ይነሣል፤ ስድስት ወደ ጎን ሲሄድ ሦስት ከፍታ ላይ ይደርሳል። ልጅቷ "ሁለት ወጣ፣ ስድስት ሄደ፤ ሁለት ለስድስት፣ አንድ ሦስተኛ" ብላ ጻፈች። ክብሪት ላጲሱን አነሣ።

"አይደለም። አንድ ለመውጣት ስንት ሄደ?"

"ሦስት።"

"ስለዚህ ስሎፑ ሦስት ነዋ። በቃ። ምን አንድ ሦስተኛ፣ ምን ቅብርጥስ ያስፈልጋል?" ብሎ የጻፈችውን በእጁ አጠፋላት።

ልጅቷ "ዋይ እኩል ይሆናል ሦስት ኤክስ ሲደመር አንድ" ብላ ጻፈች። ከዚያ በኤክስ ቦታ ስድስትን አስገባች። እርሳሷን ነከሰች።

"አባዬ፣ ሦስት መምጣት ነበረበት። አሥራ ዘጠኝ መጣ እኮ።"

"ማባዛትሽን እዪዋ!"

"አየሁት። ስድስት ጊዜ ሦስት አሥራ ስምንት ነው።"

"እንግዲያው መደመር ነው የማትችዪው!" ጠረጴዛውን መታው፤ ቁራጩ ቱቦ ተንከባሎ ወደቀ። "እኔ ዕድሜ ልኬን ስቀብር የኖርኩትን ትናንት የተወለድሽው ልታስተምሪኝ ነው? የዚህ ከተማ ቆሻሻ በማን ስሎፕ የሚሄድ መሰለሽ?"

ጭራሮ ሌላም ቀን ሞክራ ነበር። በሌላ ጥያቄ ቁጥሯን አስገብታ አሳየችው፤ አጠፋው። ሦስተኛ ጊዜ አሳየችው፤ አጠፋው፣ የላጲሱን ብናኝም በኃይል እፍ አለው። ደግሞ አንድ ቀን "መስመሩ ወደ ታች ሲሄድ ማይነስ ነው ትላለች ቲቸር" ብትለው "ውኃ መቼ ሽቅብ ሄዶ ያውቃል? ሁሉም ወደ ታች ነው። ማይነስ የሥራ ፈት ነገር ነው" አላት። ከዚያ ወዲህ "እሺ አባዬ" እንጂ ሌላ ቃል አልወጣትም። እሺታዋን እንደ መግባት ቆጠረው። የተቆጣ ሰው እሺታ አይመረምርም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ደክሞ፣ ጉልበቱ እስኪላጥ ወለል ላይ ተንበርክኮ አስተምሮ፣ ልጁን ሁለት ጊዜ የጣለቻትን መምህር ሊያናግር ነው የመጣው። ዘበኛው ከኋላው ሮጦ ደረሰና "ቲቸር ክፍል ውስጥ ናት፣ እስኪደወል ይጠብቁ" አለው።

"እጠብቃለሁ" አለ ክብሪት፤ የሚጠብቅ ሰው ግን አይመስልም ነበር። ሄዶ የክፍሉ መስኮት ሥር ቆመ።

ጥቁር ሰሌዳው ፊት ለፊቱ ነው። መምህርቷ ከኋላ፣ ከተማሪዎቹ መሀል ተቀምጣለች፤ አጭር፣ ልጅ እግር ሴት ናት። ሰሌዳው ላይ የቆመችው የገዛ ልጁ ነበረች። መስመሩ ሁለት ከፍታ ላይ ተነሥቶ፣ ስምንት ወደ ጎን ሄዶ፣ አራት ከፍታ ላይ ይደርሳል። ጭራሮ ጠመኔውን ይዛ ለክፍሉ እያስረዳች ነው። ድምፅዋ በተሰበረው መስታወት በኩል ጥርት ብሎ ይሰማል።

"ሁለት ወጣን። ስምንት ሄድን። ሽቅቡን ለአግድሙ፤ ሁለት ለስምንት፣ አንድ አራተኛ። አሁን ስምንትን አስገቡ። ሁለት መጣ፣ ሁለት ጨምሩ፣ አራት። ደረስን።"

ክብሪት እንዲህ ስታወራ ሰምቷት አያውቅም። ወገቧን ይዛ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እንደ ባለቤት ነበር የምትናገረው። ሆኖም ድምፅዋን ሰማ እንጂ የምትለውን አልሰማም፤ ዓይኑ የያዘው "አንድ አራተኛ" የሚለውን ብቻ ነው። ደሙ ፈላ። ይኸው፣ አለ በሆዱ፣ ማታ የተከልኩትን ቀን ይነቅሉታል። ፒንሳውን ከኪሱ አወጣና መስኮቱን ቋ ቋ አደረገ።

ልጅቷ ዞረች። አየችው።

አንገቷ ወረደ። ወደ ሰሌዳው ተመልሳ አንድ አራተኛን በመዳፏ ጠረገችና በምትኩ አራት ብላ ጻፈች። ክብሪት ራሱን በደስታ ነቀነቀላት። ጎበዝ።

ክፍሉ ተንጫጫ። ከፊት ወንበር አንዷ "እንዴ! ልክ ነበርሽ እኮ፣ ለምን አጠፋሽው?" አለች። መምህርቷ ሰሌዳውን አየች፣ ቀጥሎ ልጅቷን፣ ቀጥሎ መስኮቱን። ከዚያ ተነሣች። ደወሉም ያን ጊዜ ተደወለ።

ከጭራሮ በቀር ተማሪዎቹ ወጥተው ሲያልቁ ክብሪት ገባ፤ ቦቲው ወለሉ ላይ ጭቃ አተመ።

"አንቺ ነሽ ልጄን የምትጥያት?" አለ፣ አንቱታውን በር ላይ ጥሎት።

"እርስዎ ነዎት የሚያስጠኗት?" አለች መምህርቷ፣ በለሆሳስ።

"እኔ ነኝ! ችግር አለው? ስሎፕ እንጀራዬ ነው። እናንተ ወረቀት ላይ የምታሰምሩትን እኔ መሬት ውስጥ ነው የማሰምረው። ወጥተሽ ግቢያችሁን እይው፤ ውኃው መሄጃ አጥቶ ተኝቷል! እሱን ሳታስተካክሉ..."

"ስለ ግቢው እውነትዎን ነው" አለችና ጠመኔ ሰጠችው። "ይህችን ብቻ ይሥሩልኝ። ልጅዎ አራት ብላለች፤ ዋይ እኩል ይሆናል አራት ኤክስ ሲደመር ሁለት ማለት ነው። ስምንትን ያስገቡ። መስመሩ አራት ከፍታ ላይ መድረስ አለበት።"

"ምን አለበት!" ጠመኔውን ተቀበለ። በአራት አባዛ፤ ሠላሳ ሁለት። ሁለት ጨመረ። ሠላሳ አራት ብሎ ጻፈ፤ ጠመኔው ተሰበረ።

ቁጥሩን አየው። ደግሞ አባዛው። ያው ነው። ማባዛት አትችልም ብሎ የሚቆጣው ሰው ፈለገ፤ ያባዛው ግን ራሱ ነው።

"አሁን ቅድም ያጠፋችውን ያስገቡበት" አለች መምህርቷ።

አላስገባም። ልጁ ድምፅ አውጥታ ስታሰላው በመስኮቱ ሰምቶት ነበርና አሁን ጆሮው ውስጥ ተመለሰ፤ ሁለት መጣ፣ ሁለት ጨምሩ፣ አራት፣ ደረስን። ክው አለ። የክብሪት ቁጣ ግን እንደ ሰው ቁጣ በቀላሉ አይበርድም፤ መምህርቷ ላይ መቆሚያ ቢያጣ ዞሮ ልጁ ላይ አረፈ።

"አውቀሽ ነው?" አላት። "ልኩን እያወቅሽው ነው ሁለት ጊዜ የወደቅሽው?"

ጭራሮ ሰሌዳው ሥር እንደቆመች ነበር፤ መዳፏ በጠመኔ ነጭ ሆኗል። ሰፈሩ ጭራሮ ሲላት የሚረሳው ነገር ቢኖር ጭራሮም ከተያያዘ እንደሚነድ ነው።

"አዎ፣ አውቄ ነው!" አለች። "ሦስት ጊዜ ነገርኩህ። ሦስት ጊዜ አጠፋህብኝ። ማባዛት አትችዪም አልከኝ። ማባዛት ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ እችላለሁ! ወድቄ ስመጣ ቲቸርን ትሰድባለህ። አልፌ ብመጣ ማንን ልትሰድብ ነበር? እኔን ነዋ! ወረቀቱን አይተህ፣ 'የማንን ስሎፕ ነው የጻፍሽው?' ብለህ!"

"አሁን እኔ እንዲህ አይነት..."

"ነህ!"

ክብሪት መምህርቷን አየ። መምህርቷ ወደ ግቢው ውኃ ታይ ነበር።

"ደግሞ" አለች ልጅቷ፤ ድምፅዋ ተሰነጠቀ፣ ቁጣዋ ግን ቦታውን አልለቀቀም። "ደግሞ ደስ ብሎህ ነበር። ሬዲዮውን ዘጋህ እኮ። መሬት ላይ ተንበርክከህ ትስቅ ነበር። ምን ልበልህ? ተሳስተሃል ልበልህና ተመልሰህ የማይንጠባጠበውን ቧንቧ አጥብቅ?"

 ለካ ያንን ቧንቧ ያዩት ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰው ስለ ራሱ የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም ከልጁ አፍ፣ ያውም ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሰው ፊት ቆሞ።

"ፈተናው ነገ ጠዋት ነው" አለች መምህርቷ። ለሆሳሷ አልቋል፤ እሷም ለካ ተናዳለች። "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እዚያ መስኮት ሥር እንዳላይዎት።"

"እሺ ቲቸር" አለ።

መንገዱን ሁሉ ልጅቷ ቀድማ፣ እሱ ከኋላ ሆነው ቤት ገቡ። እናትየው የሆነውን ሁሉ ከልጅቷ ሰማች፤ እግሯን ከስፌት መኪናው ላይ እንኳ አላነሣችም።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል" አለች። "ወረቀቱስ በላጲስ ይለቅ ነበር።"

ክብሪት ነገሯን ዋጣት። ቀኑ የሱ አልነበረም። ወንበሩን ስቦ ከልጁ ፊት ተቀመጠ።

"አስረጂኝ" አላት።

"አልፈልግም።"

"ለምን?"

"ትቆጣለህ።"

"አልቆጣም አልኩ!"

"ይኸው እየተቆጣህ ነው።"

እውነትም እየተቆጣ ነበር። ሁለት እጁን ከጭኑ ሥር ሻጠና ተቀመጠባቸው። ልጅቷ እጆቹ የገቡበትን አየች፤ እርሳሷን አነሣች። ልታባብለው አልሞከረችም፤ እሱ እንዳስተማራት ነው ያስተማረችው።

"ይኸው የመጀመሪያው ጥያቄ። ስሎፑ ሦስት ነው ብለሃል። ስድስት ሜትር ስትሄድ ስንት ሜትር ወጣህ?"

"ሁለት..."

"በኔ ሁለት ነው። ባንተ ስሎፕ ግን፣ በሦስቱ፣ አሥራ ስምንት ሜትር ነው የወጣኸው! ቱቦህ የት ደረሰ?"

ክብሪት ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ።

"ጣሪያውን በስተህ ወጥተሃል። ፍሳሹን ለደመና ነው የምታደርሰው?"

እናትየው መርፌው ከከንፈሯ እስኪወድቅ ሳቀች። ልጅቷ ግን አልሳቀችም።

"አርባህ ስህተት አይደለም" አለች። "አንድ ለአርባ ብትል ልክ ነህ። ያው የመጽሐፉ ነው፤ አንድ ሲካፈል ለአርባ። አንተ ግን አንዱን ትጥለዋለህ። ለምንድን ነው አንዱን የምትጥለው?"

"ሥራ ላይ እንቸኩላለን።"

"እኔ አልቸኮልኩም ነበር" አለች ጭራሮ።

ይህን ብላ ሌላ ጥያቄ ጀመረች። መሀል ላይ አንድ ቁጥር አጣማ የጻፈች መሰለውና ሳያስበው ቀኝ እጁ ከጭኑ ሥር ወጥቶ ወደ ላጲሱ ሄደ። ልጅቷ ቀና አላለችም፤ ወረቀቱን በክንዷ ሸፈነችው ብቻ። እጁን መለሰው። ቁጥሩም አልተጣመመም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ዘበኛውን ቀድሞ "እንደምን አደሩ?" አለው፤ ዘበኛው እስኪደነግጥ ድረስ። ከክፍሉ ራቀና ከግቢው ወዲያ ጫፍ፣ ከተኛው ውኃ አጠገብ፣ ከመስኮቱ የማይታይበት ቦታ ቆመ። ሲጋራ አያጨስ፣ ምን ያድርግ፤ ውኃውን እያየ የሚቆጣው ሰው ፈለገ። መምህርቷን ሞከረ፤ አልሆነለትም። ቱቦውን የቀበረውን ሰው ሞከረ፤ ያም ሰው እንደሱ ቸኩሎ ይሆናል። ወደ ራሱ ሲዞር ቁጣው ቦታውን አገኘና እዚያው ተቀመጠ፤ እንዲህ ያለው ደግሞ ጠረጴዛ ተመትቶ አይወጣም።

የሚላትን ነገር ሌሊቱን ሲያሰላስል ነው ያደረው። ይቅርታ የሚባለውን ቃል ለሰው ብሎት የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ሲለማመደው ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

ጭራሮ ቦርሳዋን ባንድ ትከሻዋ አንጠልጥላ ወጣች። ግቢውን አየች፣ አገኘችው፣ መጣች።

"አለፍኩ" አለችው። "ቲቸር እዚያው አረመችልኝ።"

ክብሪት ወደ እሷ ተራመደ። "ሁሉንም?"

"አንድ ስቻለሁ።"

"የቱን?"

"የቁልቁለቱን። ማይነሱን ረሳሁት።"

ማይነስ የሥራ ፈት ነገር ነው ያለው ማን ነበር? ክብሪት ያንን ቃል ቤት ጠረጴዛው ላይ ሆኖ እንደተናገረው ሰማው። ሌሊቱን የተለማመደውን ጀመረ።

"ልጄ" አለ፣ "እሱም የኔ ጥ..."

"አይደለም!" ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ የቦርሳዋን ማንገቻ በንዴት ጨበጠች። "ያንተ አይደለም። እሱን እንኳ ተውልኝ አባዬ። የራሴ ነው።"

ውኃውን በጎን ዞራ፣ ቀድማው ወደ በሩ ሄደች።